«ቀኑ ደርሶ ነው» የሚባልባት እናት

ጥያቄ፦ ወንድሜን ጠጥቶ የሚያሽከረክር ሰው ገጭቶ ገደለብን። አርባውን አውጥተናል። እናቴ ግን እንቅልፍ የላትም፤ ከመንገድ የፍሬን ድምፅ በተሰማ ቁጥር ብድግ ትላለች። ዘመድ «ቀኑ ደርሶ ነው፤ ማልቀስሽን ተዪ፣ እግዚአብሔርን ማማረር ነው» ይላታል። የሹፌሩ ቤተሰቦችም ሽማግሌ ልከዋል። ክሱን መከታተልና እናቴን ወደ ሥነ ልቦና አማካሪ መውሰድ እምነት ማጣት ነው?

መልስ፦ እኅታችን፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ፤ የወንድምሽን ነፍስ በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያኑርልን። የፍትሐቱንና የተዝካሩን ሥርዓት ታውቂዋለሽ፤ እሱን ልተወውና ያ «ቀኑ ደርሶ ነው» የሚሉት ነገር ላይ ልቆይ።

በየለቅሶ ቤቱ ለማጽናናት ይባላል። ሰውዬው ግን ጠጥቶ መሪ የጨበጠው በገዛ ፈቃዱ ነው። እግዚአብሔር ሁሉን ማወቁ ማንንም ለበደል አያስገድድም። የሰውን ጥፋት ለፈጣሪ ስንሰጥ፣ ያለቀሰች እናት ከአምላኳ ጋር የተጣላች ይመስላታል። ከዚያ በኋላ በሰው ፊት እንባዋን ትውጣለች፤ ሌሊት ግን አይለቃትም።

ኦሪት እንዲህ አላስተማረችንም። በሬው ተዋጊ እንደሆነ ተነግሮት ያልጠበቀው ባለቤት ስለ ሞተው ሰው ይጠየቃል (ዘጸ. 21፥29)። ጣራው ላይ መከታ ያልሠራም የወደቀውን ሰው ደም በቤቱ ላይ ያመጣል (ዘዳ. 22፥8)። በቸልተኝነት የጠፋ ሕይወት ጠያቂ አለው ማለት ነው። ጌታችንም አልዓዛርን እንደሚያስነሣው እያወቀ እንባውን አፈሰሰ። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ዝም ብለው መሬት ላይ ሲቀመጡ ደግ አድርገው ነበር፤ የተሳሳቱት አፋቸውን ከፍተው ምክንያት መደርደር ሲጀምሩ ነው። ለእናትሽ የሚመጣ ሰው ዝም ብሎ አጠገባቸው ይቀመጥ፤ ሲናገርም የልጃቸውን ስም ይጥራ።

ክሱ ኃጢአት አይደለም። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 መሠረት ጠጥቶ በቸልተኝነት ሰው የገደለ ጽኑ እስራት ይጠብቀዋል። ክሱን የያዘው ዐቃቤ ሕግ ነው፤ እናንተ ይቅር ብትሉት እንኳ አይዘጋም። ስለዚህ ሽማግሌዎቹን በክብር ተቀበሏቸው፣ ይቅርታውም ልባችሁ ሲችል ይምጣ፤ በአርባ ቀን ተገዳ «ይቅር ብያለሁ» የምትል እናት ምንም አልታረቀችም። የዕርቅ ወረቀት ካመጡ ግን ጠበቃ ሳያነበው አትፈርሙ። «ከእንግዲህ ምንም ጥያቄ የለንም» የምትል አንዲት መስመር ካሳችሁን ልታስቀር ትችላለች። ካሳ መቀበል ደም መሸጥ አይደለም፤ የሦስተኛ ወገን መድን በአዋጅ 799/2005 የታዘዘው ለዚሁ ነው። ገጭቶ የሚያመልጥ፣ መድን የሌለውም አለና ለእነዚያ የመድን ፈንድ አለ።

ወደ አማካሪው ይሂዱ። ድንገተኛና አሰቃቂ ሞት ከተራ ሐዘን ይለያል፤ ያ ቅጽበት በእንቅልፍም በእውንም እየተመላለሰ ይመጣል። እንቅልፍ ከጠፋ ሳምንታት ካለፉ፣ ምግብ ካስጠላቸው፣ መንገድ መሻገር ካቃታቸው ሰማንያውን አትጠብቁ። «እኔም ልከተለው» ካሉ ደግሞ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ውሰጂያቸው፤ ብቻቸውንም አትተዪአቸው። ለአማካሪው «አዝናለች» ብቻ አትበዪ፤ ስንት ሰዓት እንደሚተኙ፣ ምን ሲሰሙ እንደሚደነግጡ ንገሪው። መድኃኒት ከታዘዘ ጠበል ሲጠመቁ እንዳይቋረጥ፤ ብዙ ሰው የሚያገረሽበት እዚህ ጋ ነው። ሐኪምንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው (ሲራክ 38)። ክኒኑ ከምግብ ጋር የሚወሰድ ከሆነ የጾሙን ነገር ለንስሐ አባታችሁ ንገሪያቸው፤ ለታመመ ሰው ያቀሉለታል።

የችሎት ቀን ሲደርስ ሐዘኑ እንደ አዲስ ይነሣልና የአማካሪውን ቀጠሮ ከዚያ በፊትና በኋላ አድርጉት። የአደጋው ፎቶ በሚታይበት ሰዓት እናትሽ ውስጥ አይሁኑ። አንቺ ግቢ፤ እሳቸው የሚወዱት አንድ ሰው ውጭ አግዳሚው ላይ እጃቸውን ይዞ አብሯቸው ይቀመጥ።