የጻፍከው ፊደል ጠፍቶ ሲመለስ፦ የኤንቪዲያና የዌይላንድ ጣጣ

ጥያቄው የመጣው ጎንደር፣ ማራኪ አካባቢ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ካለው ወንድማችን ነው። ቀድመን እንተዋወቅ፦ ኡቡንቱ እንደ ዊንዶውስ ያለ የኮምፒውተር ሥርዓት፣ ኤንቪዲያ የግራፊክስ ካርድ ሠሪ፣ ድራይቨር ካርዱን የሚያሠራው ፕሮግራም፣ ዌይላንድ ደግሞ ኡቡንቱ ላይ መስኮቶችን ወደ ስክሪን የሚያወጣው አዲሱ መንገድ ነው። ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ዴስክቶፕ ኮምፒውተሬ ላይ ያለው ኡቡንቱ 24.04 ነው። ካርዱ ኤንቪዲያ ጂቲኤክስ 1650፣ ድራይቨሩ 535። አንድ ባለሙያ ‹አዲሱ ይሻልሃል› ብሎ ወደ ዌይላንድ ከቀየረልኝ ወዲህ ክሮምና ደብሊው ፒ ኤስ ላይ ስጽፍ ፊደሉ ይጠፋና ይመለሳል። መስኮቱም ብልጭ ድርግም ይላል። ሊብሬኦፊስ ላይ ግን ምንም የለም። በኤኒዴስክ ከሌላ ቦታ ልገባበት ስልም እምቢ አለኝ። ራም ልጨምር? ወይስ ካርዱ ሊሞት ነው?»

ራም አትግዛ፣ ወንድሜ። ካርዱም አልሞተም። «ሊብሬኦፊስ ላይ ምንም የለም» የምትለዋን ሳነብ ነው ነገሩን የጠረጠርኩት። ካርድ ሲበላሽ ፕሮግራም አይመርጥም። ያንተ ግን እየመረጠ ነው። ሊብሬኦፊስ ከዌይላንድ ጋር በቀጥታ ይነጋገራል። ደብሊው ፒ ኤስ የተሠራው ዌይላንድ ለሚተካው ለድሮው ኤክስ ስለሆነ ኤክስዌይላንድ በሚባል አስተርጓሚ በኩል ያልፋል። ቆየት ያለ ክሮምም እንደዚያው ነው። ችግሩ እዚያ መገናኛ ላይ ነው ባይ ነኝ።

ልታረጋግጥ ከፈለግህ ኤክስአይስ የምትባለውን ትንሽ ፕሮግራም ጫን። ሁለት ዓይኖች ይመጡልሃል። ማውሱን ደብሊው ፒ ኤስ ላይ ስታንቀሳቅስ ዓይኖቹ ይከተሉታል፤ ሊብሬኦፊስ ላይ ስትሄድ ደርቀው ይቀራሉ። ዓይኖቹ የሚከተሉበት መስኮት ሁሉ በአስተርጓሚው በኩል የሚያልፍ ነው። ብልጭታው እነዚያ መስኮቶች ላይ ብቻ ከሆነ ሌላ ምርመራ አያስፈልግህም። ስክሪኑ በሙሉ ጠቁሮ የሚመለስ ከሆነ ግን ኬብሉን ቀይር። በተለይ ያቺን ርካሽ ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ መቀየሪያ! ስንቱ ጤነኛ ካርድ በእሷ ሰበብ እንደተቀየረ እኔ ነኝ የማውቀው።

አሁን የምወደው ክፍል ላይ ደረስን፤ ትንሽ ታገሠኝ። ፕሮግራሙ ምስል ሲፈልግ ግራፊክስ ካርዱን «ሣልልኝ» ይለዋል። ካርዱ ትእዛዙን ይቀበላል እንጂ ወዲያው አይጨርስም። የሁሉንም መስኮት ምስል ሰብስቦ ስክሪን ላይ የሚያወጣው ኮምፖዚተር የሚባለው ነው። ይህ ኮምፖዚተር ምስሉ ማለቁን ሳያውቅ ከወሰደው፣ ዓይን ያላወጣ እንጀራ ከምጣድ እንደ ማንሳት ነው። አንዳንዴ ደግሞ ከመሶቡ የትናንቱን አውጥቶ ያቀርባል። የጻፍከው ፊደል ጠፍቶ የሚመለሰው ለዚህ ነው፤ የምታየው ፊደሉ ከመጻፉ በፊት የነበረውን ምስል ነው። ፋይልህ ውስጥ ያለው ጽሑፍ ግን ምንም አልሆነም።

በኢንቴልና በኤኤምዲ ካርዶች ማንም ሳይጠይቅ ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) ውስጥ ያለው ድራይቨር ራሱ ምስሉ እስኪያልቅ ያስጠብቃል። የኤንቪዲያ ድራይቨር በዚህ መንገድ አልሄደም። በኤክስ ዘመን ይህ አይታወቅም ነበር፤ ኤንቪዲያ ኤክስ ሰርቨሩ ውስጥ የራሱን ሞጁል አስገብቶ ሥራውን ይቆጣጠር ነበርና። ዌይላንድ ሲመጣ ኮምፖዚተሩ የሌላ ሰው ሥራ ሆነ፤ መናበቡም ቀረ። መፍትሔው እያንዳንዱ ምስል «አልቄያለሁ» የሚል ግልጽ ምልክት ይዞ እንዲመጣ ማድረግ ነበር። ይህ በ2024 ተሳካ። ግን ሦስት ነገር አንድ ላይ መገኘት አለበት፦ ኤንቪዲያ 555 ወይም ከዚያ በላይ፣ ጂኖም (የኡቡንቱ ዴስክቶፕ) 46.1 ወይም ከዚያ በላይ፣ ኤክስዌይላንድ 24.1 ወይም ከዚያ በላይ። አንተ ጋ ድራይቨሩ 535 ነው። ኡቡንቱ 24.04 ይዞት የወጣው ኤክስዌይላንድ ደግሞ 23.2። ከሦስቱ ሁለቱ ጎድለዋል፤ ድራይቨሩን ብቻ ማሳደግ አያድንህም።

ዌይላንድ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። ከ2008 ጀምሮ ሲሠራበት የቆየ ነገር ነው፤ ፌዶራ በ2016 መደበኛው አድርጎታል። የኢንቴል ላፕቶፕ ላይ እኔም የምጭነው እሱን ነው። ግን የኡቡንቱ ሠሪዎች ራሳቸው 24.04 ላይ ኤንቪዲያ ላለው ማሽን ኤክስኦርግን፣ ማለትም ያንኑ ኤክስን ነው መደበኛ ያደረጉት። ወደ ዌይላንድ የቀየሩት በ24.10 ነው። ያ ባለሙያህ ከሠሪዎቹ ቀድሞ ነው የሮጠው!

አሁን ወደ ሥራው። መጀመሪያ ግን መብራት! ድራይቨር እየተጫነ መብራት ከሄደ ጭነቱ ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል፤ በማግስቱ ጥቁር ስክሪን ልታይ ትችላለህ። ዴስክቶፕ ባትሪ የለውም። ስለዚህ ያለ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚይዘው ሣጥን) አትጀምር። ዩፒኤሱንም ፈትነው፦ ኮምፒውተሩን ሳይሆን አምፖል ሰክተህ ከግድግዳው ንቀለው። አምፖሉ ወዲያው ከጠፋ ባትሪው ሞቷል፤ ሣጥኑን ነው ተሸክመህ የኖርከው። የተማሪ ደንበኞችህንም ፋይል ቀድመህ ፍላሽ ላይ ገልብጥ።

ከዚያ «አዲሽናል ድራይቨርስ» የሚለውን ክፈት። በእጅ የተጫነ ድራይቨር እንዳለ ከነገረህ፣ ሰውዬው ከኢንተርኔት ያወረደውን «ራን» የሚባል መጫኛ ፋይል ነው የጫነው ማለት ነው። ይህን ነገር አልወደውም። ከርነል በታደሰ ቁጥር ሊሰበር ይችላል፤ የጫነው ሰው ደግሞ ያን ጊዜ ስልክ አያነሳም። ተርሚናል ላይ በሱዶ ኤንቪዲያ አንኢንስቶል የሚለውን ትእዛዝ ሰጥተህ አውጣው። ኤንቪዲያና አንኢንስቶል የሚሉት ሁለቱ ቃላት በሰረዝ ተያይዘው ነው የሚጻፉት። ከዚያ ከዝርዝሩ ውስጥ «ተፈትኗል» የሚል ምልክት ያለበትን መርጠህ ጫን። ሴኪዩር ቡት (ኮምፒውተሩ ሲነሳ ያልታወቀ ፕሮግራም የሚከለክለው ጥበቃ) ከበራ የይለፍ ቃል ይጠይቅሃል። ሪስታርት ሲያደርግ ሰማያዊ ገጽ ይመጣል፤ «ኢንሮል ሞክ» ብለህ ያንኑ ቃል አስገባ። ይህን ገጽ ከዘለልከው ድራይቨሩ አይነሳም። አሁንም እላለሁ፦ ዩፒኤስ ሳይኖር አይሆንም።

ቀጥሎ ሎግ አውት በል። ስምህን ተጫን፤ የይለፍ ቃሉን ከማስገባትህ በፊት ከታች በቀኝ በኩል ያለችውን የጥርሳም ማርሽ ምልክት ክፈት። ኤክስኦርግ የሚል ካለ እሱን፣ ከሌለ ዌይላንድ የሚል ቃል የሌለበትን ኡቡንቱ ምረጥ። ከገባህ በኋላ ሴቲንግስ ውስጥ የሲስተም ዝርዝሩን እይ፤ የመስኮት ሲስተሙ ኤክስ11 (ያው ኤክስ ነው) ማለት አለበት። ብልጭታው ይጠፋል። ኤኒዴስክም ይታረቅሃል፤ ዌይላንድ ማንም ፕሮግራም ሳያስፈቅድ ስክሪኑን እንዲያይ አይፈቅድም፣ ኤክስ ግን በሩ ክፍት ነው።

እዚያው ገጽ ላይ የካርዱን ስም አንብብ። ካርቶኑ ላይ ያለውን አትመን። አሮጌ ካርድ አዲስ ስቲከር ተለጥፎበት ሲሸጥ አይቻለሁ። እውነተኛ 1650 ከሆነ አዲሶቹን ድራይቨሮች ይቀበላል። የ600 ወይም የ700 ተከታታይ አሮጌ ካርድ ከሆነ ግን አብዛኞቹ 470 ላይ ይቆማሉ፤ ያን ጊዜ ዌይላንድን እርሳው።

ኤክስ ላይ ዕድሜ ልክ አትቆይም። ኡቡንቱ ከ25.10 ጀምሮ የጂኖምን ኤክስ መግቢያ አውጥቶታል። ግን 24.04 እስከ 2029 ድጋፍ አለው፤ አትቸኩል። ለጥምቀት ሰሞን ወይም ተማሪው የመመረቂያ ጽሑፍ ይዞ በሚሰለፍበት ጊዜ ደግሞ ጨርሶ አትንካው። ጊዜው ሲደርስ ከፍላሽ አስነስተህ «ሠራ» ብለህ አትዘናጋ፤ እዚያ ላይ የሚነሳው ኑቮ የሚባለው ሌላ ድራይቨር ነው። ትርፍ ኤስኤስዲ ግዛ፤ አዲሱን ኡቡንቱ ከነኤንቪዲያ ድራይቨሩ እሱ ላይ ጫንና ጥቂት ቀን ሥራበት። የአሁኑ ዲስክ ተነቅሎ ይቀመጥ።