የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ከሲያትል ወደ ክራይስትቸርች የተሻገረው ቤተ ሙከራ

ጥያቄ፦ በዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ሳይንስ መምህር ነኝ። የትምህርት ክፍላችን ከአንድ የውጭ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ የሰውና የኮምፒውተር መስተጋብር ምርምር ማዕከል ለማቋቋም እየተነጋገረ ነው። የኒውዚላንዱ ሂት ላብ (የሰውና የኮምፒውተር መገናኛ ቴክኖሎጂ ቤተ ሙከራ) በዚህ መንገድ እንደተቋቋመ ሰምቻለሁ። ከአሜሪካ የመጣላቸው ምን ነበር? ዕቃ ነው ወይስ ስም ብቻ? (መምህር፣ ከጅማ)

መልስ፦ ከሁሉ በላይ የመጣላቸው ሰውና የተጀመረ ሥራ ነው። የመጀመሪያውን ሂት ላብ እ.ኤ.አ. በ1989 በሲያትል፣ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ያቋቋሙት ቶማስ ፈርነስ ናቸው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችና ወሮችም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ፈርነስ ከዚያ በፊት በአሜሪካ አየር ኃይል ውስጥ ለአብራሪዎች የራስ ቁር ላይ የሚገጠሙ ማሳያዎችን ሲሠሩ ኖረዋል። በ2002 በክራይስትቸርች ከተማ የሚገኘው ካንተርበሪ ዩኒቨርሲቲ ከሲያትሉ ጋር በአጋርነት ሂት ላብ ኒውዚላንድን ሲከፍት፣ በዳይሬክተርነት የመጡት በሲያትል ሲመራመሩ የቆዩት ኒውዚላንዳዊው ማርክ ቢሊንግኸርስት ነበሩ።

እርሳቸው ደግሞ ባዶ እጃቸውን አልመጡም። በ1999 ከጃፓናዊው ሂሮካዙ ካቶ ጋር ያወጡት ኤአር ቱልኪት የሚባል የፕሮግራም ስብስብ ነበራቸው። ካሜራ ወረቀት ላይ የታተመ ጥቁር ካሬ ሲያይ በዚያው ቦታ ላይ በኮምፒውተር የተሠራ ምስል እንዲደርብ የሚያደርግ ነው። አዲሱ ቤተ ሙከራ የተነሣው እየሠራ ባለ መሣሪያ ላይ ነው ማለት ነው፤ ተማሪ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት የሚነካው ነገር አለ። ፍሬውም ታይቷል። በ2005 ከስዊድኑ ሊንሾፒንግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ጋር ሆነው መሣሪያውን ኖኪያ 6630 ስልክ ላይ አስኬዱት። የዚያ ስልክ ፕሮሰሰር የነጥብ ቁጥሮችን (እንደ 2.5 ያሉትን) በራሱ ማስላት ስለማይችል ስሌቱን ሁሉ በሙሉ ቁጥር እንደገና መጻፍ ነበረባቸው። ሲያልቅ ሁለት ሰዎች ጠረጴዛ ላይ በተዘረጋ ወረቀት ዙሪያ ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ ስልካቸውን እንደ ራኬት ይዘው፣ በብሉቱዝ ተገናኝተው ቴኒስ ተጫወቱ። ኳሷ ስትመታ ስልኩ እጃቸው ላይ ይርገበገባል።

ስለዚህ ከአጋራችሁ ጋር ስትቀመጡ ከዕቃ ዝርዝሩ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ። ቢያንስ ሁለት ዓመት እናንተ ዘንድ ተቀምጦ የሚሠራው ማን ነው? ተማሪዎቻችሁ ከፍተው፣ አሻሽለው የሚያስኬዱት የትኛው ኮድ ነው? ለእነዚህ መልስ የሌለው ስምምነት ባይፈረም ይሻላል ብለን እናምናለን። የራስ ላይ ማሳያዎች በጥቂት ዓመታት ያረጃሉ፤ ሠራተኛ ካልመጣ በካርቶናቸው እንዳሉ ያረጃሉ።

ጥያቄ፦ ለመመረቂያ ሥራዬ ኤአር ቱልኪትን እየሞከርኩ ነው። በካሬው መሐል «ዐ» ጽፌ፣ በሚያብረቀርቅ የፎቶ ወረቀት አሳትሜ በእጄ ይዤዋለሁ። በላዩ የሚደረበው ኩብ አንዴ ይታያል፣ አንዴ ይጠፋል፤ አንዳንዴም ሳልነካው ወደ ጎን ይዞራል። (ተማሪ፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ የተለያዩ ችግሮች ተደራርበውብዎታል። ለመለየት ፕሮግራሙ ምን እንደሚያደርግ ማወቅ ይጠቅማል። መጀመሪያ ከካሜራ የመጣውን ምስል ወደ ጥቁርና ነጭ ብቻ ይለውጠዋል፤ ከ0 እስከ 255 ባለው የብርሃን መጠን ከ100 በታች የሆነውን ጥቁር ይለዋል (100 የመነሻ ቁጥር ነው፣ መቀየር ይቻላል)። ከዚያ አራት ቀጥ ያሉ ጠርዞች ያሉት ቅርጽ ይፈልጋል። ሲያገኝ መሐሉን 16 በ16 ነጥብ ወዳላት ትንሽ ምስል አሳንሶ ቀድሞ ከተመዘገበው ጋር ያስተያያል። በመጨረሻም ከአራቱ ማዕዘኖች ተነሥቶ ካሜራው ከየት ሆኖ እንደሚያይ ያሰላል።

የሚጠፋው በወረቀቱ ምክንያት ነው። የመስኮት ብርሃን በሚያብረቀርቅ ወረቀት ላይ ሲያርፍ ያ የጥቁሩ ክፈፍ ክፍል ከ100 በላይ ይሆናል። ጠርዙ ተቆረጠ ማለት ነው፤ ለፕሮግራሙ ካሬ የሚባል ነገር የለም። የጣትዎ ጫፍ አንዱን ማዕዘን ቢሸፍንም ውጤቱ ያው ነው። በተራ የማያብረቀርቅ ወረቀት ያትሙ፣ ጠንካራ ካርቶን ላይ ይለጥፉ (የታጠፈ ወረቀት ጠርዙ ቀጥ አይልም)፣ በክፈፉ ዙሪያ ሰፋ ያለ ነጭ ይተዉ፣ ሲይዙትም በነጩ በኩል ይያዙ።

የሚዞረው በ«ዐ» ምክንያት ነው። ክብ ፊደል ካሬ ውስጥ በየትኛውም አቅጣጫ ቢዞር አንድ ነው፤ ፕሮግራሙ ላይና ታቹን የሚለይበት የለውም። «ሀ» ቢጽፉ ይሻላል። ብዙ ምልክት ካስፈለገዎት «ሰ» እና «ሸ»ን አንድ ላይ አይጠቀሙ። 16 በ16 ላይ ሲያንሱ የሚለያቸው የአናቷ ሰረዝ ትደበዝዛለች።

መጠኑንም ይለኩ። በናሙናው ፕሮግራም የካሬው ጎን 80 ሚሊሜትር ሲሆን ክፈፉ በየጎኑ 20፣ መሐሉ 40 ነው። ማተሚያው «ከገጹ ጋር አስማማ» በሚል ምርጫ አሳንሶ 76 ሚሊሜትር አድርጎት ከሆነ ፕሮግራሙ ርቀቱን በ5 በመቶ ያህል አርቆ ይገምታል፤ 40 ሴንቲሜትር ላይ 2 ሴንቲሜትር ስሕተት ነው። ርቀትም ወሰን አለው፤ 7 ሴንቲሜትር ያህል የሆነ ምልክት የሚነበበው እስከ 40 ሴንቲሜትር ገደማ ነው፣ ከዚያ በላይ ለመራቅ ምልክቱን ያሳድጉ። ከዚህ ሁሉ በኋላም ምስሉ ቢንቀጠቀጥ፣ ካሜራው በትክክል ከአናት ወደ ታች እያየ እንደሆነ ይመልከቱ። ከአናት ሲታይ የወረቀቱ ዘመምታ በትንሹ ቢለወጥ ማዕዘኖቹ ብዙም ስለማይንቀሳቀሱ ግምቱ ይዋዥቃል፤ ካሜራውን ትንሽ ያዘንብሉት።

ጥያቄ፦ ከሩቅ አገር አጋር ጋር ስንሠራ በተግባር የሚያስቸግረው ምንድን ነው? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ሰዓት፣ የኮድ ባለቤትነትና የሥነ ምግባር ፈቃድ ናቸው። በጥር አካባቢ ክራይስትቸርች ከሲያትል 21 ሰዓት ይቀድማል። በሲያትል ሰኞ ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ክራይስትቸርች ማክሰኞ ጠዋት 4 ሰዓት ነው። የሲያትል ዓርብ እዚያ ቅዳሜ ስለሆነ በሳምንት የሚገናኙበት የሥራ ቀን አራት ብቻ ነው። በሐምሌ ልዩነቱ ወደ 19 ሰዓት ይወርዳልና ያው ስብሰባ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ይውላል። የትምህርት ዘመኑም አይገጥምም፤ የኒውዚላንዱ በየካቲት፣ የሲያትሉ በመስከረም መጨረሻ ይጀምራል። የተማሪ ልውውጥ ስታስቡ ከዚህ ጀምሩ።

የኮድ ባለቤትነት ግን የበለጠ ያጣላል። ኤአር ቱልኪት ለሁሉም የተለቀቀው ጂፒኤል በሚባለው ፈቃድ ነበር፤ በእርሱ ላይ የተሠራ ፕሮግራም የሚያሰራጭ ሰው የራሱንም ኮድ መክፈት አለበት። ኮዱን መክፈት ለማይፈልጉ ኩባንያዎች ደግሞ ሌላ ፈቃድ ይሸጥ ነበር። ሁለተኛውን መሸጥ የሚችለው ግን በእያንዳንዱ መስመር ላይ መብት ያለው ብቻ ነው። ተማሪዎቻችሁና የአጋራችሁ ተማሪዎች በአንድ ፋይል ላይ ከጻፉና የማን እንደሆነ አስቀድሞ ካልተፈረመ ያ በር ይዘጋል። ፊርማው ተማሪው የመጀመሪያውን መስመር ከመጻፉ በፊት ይሁን።

በሰው ላይ የሚደረግ ሙከራ በሁለቱም አገር ከተካሄደ የሁለቱም ወገን ኮሚቴ ፈቃድ ያስፈልጋል። ማመልከቻውን ዕቃው በጉዞ ላይ ሳለ አስገቡ።

ጥያቄ፦ ተጠቃሚዎች የሞሉልንን የ«ኤስዩኤስ» መጠይቅ (አንድ ሥርዓት ለአጠቃቀም ምን ያህል እንደሚመች የሚለካውን) እንዴት እናስላ? (ከመቀሌ)

መልስ፦ ዐሥር ዓረፍተ ነገሮች አሉት፣ እያንዳንዱ ከ1 እስከ 5 ይመለሳል። ከጎዶሎ ቁጥር ዓረፍተ ነገሮቹ (1ኛ፣ 3ኛ፣ 5ኛ…) መልስ 1 ቀንሱ፤ የተጋማሽ ቁጥሮቹን (2ኛ፣ 4ኛ፣ 6ኛ…) መልስ ከ5 ቀንሱ፤ ደምራችሁ በ2.5 አባዙ። ለጎዶሎዎቹ ሁሉ 4፣ ለተጋማሾቹ ሁሉ 2 የሰጠ ሰው 30 ያመጣል፣ ሲባዛ 75 ነው። ይህ በመቶኛ አይነበብም፤ መካከለኛ ተብሎ የሚወሰደው 68 ገደማ ነው። ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው ትርጉሙ ላይ ነው። ተጋማሽ ቁጥሮቹ አሉታዊ ሐሳብ ናቸውና አማርኛው «አይደለም» ሲበዛበት ሰው ገልብጦ ይመልሳል፤ «ሥርዓቱ ውስብስብ ሆኖብኛል» ብላችሁ በቀጥታ ጻፉ።

ጥያቄ፦ የታተመ ምልክት መለጠፍ በማይቻልበት ደጅስ ምስሉን እንዴት መደረብ ይቻላል? (ከአዳማ)

መልስ፦ ክራይስትቸርች በየካቲት 2011 በመሬት መንቀጥቀጥ ክፉኛ ከተጎዳች በኋላ ሂት ላብ ኒውዚላንድ ሲቲቪው ኤአር የተባለ የስልክ መተግበሪያ ሠርቶ ነበር። ሰው ባዶው ቦታ ላይ ቆሞ ስልኩን ሲያነሣ የፈረሰው ሕንፃ በቀድሞ ቦታው ላይ ይታየዋል። የተጠቀሙት ጂፒኤስና የስልኩን ኮምፓስ ነው። ጂፒኤስ በብዙ ሜትር ሊስት ስለሚችል ለትልቅ ሕንፃ እንጂ ለበር ወይም ለመስኮት አይሆንም። ኮምፓሱ ደግሞ በመኪናና በብረት አጠገብ ይዛባል፤ ከመጠቀማችሁ በፊት ከብረት ራቅ ብላችሁ ስልኩን በአየር ላይ በስምንት ቁጥር ቅርጽ ደጋግማችሁ አዙሩት።