ለአንድ ቀን የወፍ እይታ፣ መስከረም ወይስ ኅዳር?

ጠያቂያችን በመስከረም አጋማሽ ለአንድ ቀን ባሕር ዳር እንደሚመጡ፣ የአገራቸውን ብርድ ሸሽተው ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡትን ወፎች በጣና ዳርቻ ማየት እንደሚፈልጉ ገልጸው፣ ለዚህ ጀልባ መከራየት ይሻል እንደሆነ ጠይቀዋል። ለዓመታት በዚህ ዳርቻ እንደተመላለሰ ሰው የምመክርዎ፣ ከተቻለዎ ቀኑን ወደ ጥቅምት መጨረሻ ወይም ወደ ኅዳር እንዲገፉት፣ ጀልባውንም እንዲተዉት ነው።

ምክንያቱ ውኃው ነው። ጣና ከክረምቱ ዝናብ በኋላ የሚሞላው በመስከረምና በጥቅምት መጀመሪያ ገደማ በመሆኑ፣ ያን ጊዜ ዳርቻው እስከ ግጦሹ ድረስ ተውጦ ይቆያል። ጭቃ በምንቃራቸው እየወጉ የሚመገቡት ባለ ረጅም እግር ወፎች ግን የሚፈልጉት ውኃው ሲሸሽ ትቶት የሚሄደውን እርጥብ መሬት ነው። በመስከረም ምንም አይገኝም ማለቴ አይደለም፤ በከብት እግር ሥር እየሮጠች ጭራዋን የምትወዘውዘው ቢጫ ወፍ በዚያ ወር ትደርሳለች፤ ንብ በሎችም በሰማይ ሲያልፉ ይሰማሉ። ሆኖም የሚሰበሰቡበት ጭቃ ስላልተገለጠ በየቦታው ተበታትነው ነው የሚውሉት፤ አንድ ቀን ብቻ ላለው እንግዳ ደግሞ ይህ ከባድ ነው። ከፊንላንድና ከአካባቢው ተነሥተው ጣና ዳር የሚከርሙት ግራጫ ክሬኖች የሚባሉት፣ አንገታቸውና እግራቸው የረዘመ ትልልቅ ወፎችም ቢሆኑ በመስከረም ገና አይደርሱም።

ጀልባን በተመለከተ፣ የመጀመሪያው ዓመት እኔም ተከራይቼ ነበር። ሞተሩ ገና ከሩቅ ወፎቹን አስነሣቸው፤ ዳሩ ጥልቀት ስለሌለውና ደንገልና እምቦጭ ስለያዘው መጠጋት አልቻልንም፤ ከቀትር በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ደግሞ ጀልባው እየተወዛወዘ በማጉያ መነጽር የማየው ሁሉ ሰማይና ውኃ ብቻ ሆነ። ጀልባ ለገዳማቱ ጉብኝት ይሁን፤ ለወፍ ግን አንድ ጭቃማ ዳርቻ መርጦ መቀመጥ ይበልጣል።

እኔ የምመርጠው ከወረታ ወደ ሐይቁ የሚዘረጋውን የፎገራን ሜዳ ነው። ወረታ ከባሕር ዳር በጎንደር መንገድ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚርቅ፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል መነሣት ያስፈልጋል። ፎገራ ከሐይቁ በስተ ምሥራቅ በመሆኑ ጠዋት ወደ ውኃው ሲመለከቱ ፀሐይ ከጀርባዎ ትሆናለች፤ የላባው ቀለም በትክክል የሚለየውም ያን ጊዜ ነው። ለጀማሪ 8 በ42 የሆነ፣ ማለትም 8 ጊዜ የሚያጎላና የፊት መስታወቱ 42 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው መነጽር ይበቃል፤ ከዚያ በላይ የሚያጎላው እጅ በተንቀጠቀጠ ቁጥር ይረብሻል።

ራፍ የሚባለው ወፍ እንዳያሳስትዎ አደራ እላለሁ። ወንዱ ከሴቷ በጣም ስለሚበልጥ፣ እዚህ ሲመጣም በመራቢያው ወቅት አንገቱ ላይ የሚያወጣውን ጌጥ ጥሎ ግራጫማ ቡናማ ስለሚሆን፣ እኔ ሁለት ዓይነት ወፍ መስሎኝ ሁለት ዓመት ሙሉ በማስታወሻዬ ለየብቻ ስመዘግባቸው ኖሬአለሁ። ክሬኑንም ዓመቱን ሙሉ ከማይለየን፣ ራሱ ላይ ወርቃማ ጉንጉን ካለው ዘመዱ ጋር አያምታቱት፤ እንግዳው አናቱ ላይ ትንሽ ቀይ ምልክት እንጂ ጉንጉን የለውም።

የፎገራ አፈር ዋልካ ነው፤ የርብና የጉማራ ወንዞች በክረምት ስለሚያጥለቀልቁት መንገዱ ዘግይቶ ነው የሚደርቀው። ቦት ጫማ ያድርጉ፤ በባዶ እግር ግን ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ አይግቡ፤ በጣና ዳር ቢልሃርዝያ አለ። ማሳ ከመርገጥዎ በፊት ባለቤቱን ሰላም ብለው ያስፈቅዱ። ክሬኖቹ ሩዝና ሽምብራ ስለሚለቅሙ ገበሬው በፍቅር አያያቸውም፤ መነጽር የያዘ ሰው ሲያይም ከግብርና ቢሮ የመጣ ይመስለዋል። አንድ ጊዜ የጉዳት ግምት እንድጽፍላቸው ሲለምኑኝ ግማሽ ቀን አልፎብኛል።

ከሰዓት በኋላ ብርሃኑ ፊት ለፊት ስለሚመጣ ቀለም መለየት ያስቸግራል፤ ቢሆንም እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ይቆዩ። ክሬኖቹ ከማሳ ወደ ማደሪያቸው፣ ጥልቀት ወደሌለው ውኃ የሚመለሱት ያን ጊዜ ነው። መጀመሪያ የሚሰማው ከሩቅ የሚመጣው የመለከት መሰል ጩኸታቸው ነው፤ ሰልፉ የሚታየው ከዚያ በኋላ ነው። መኪናዎን ግን ከመጨለሙ በፊት ወደ አስፋልቱ አስጠግተው ያቁሙ።

ቀኑን መቀየር ካልቻሉ፣ በመስከረም ከባሕር ዳር ሳይወጡ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ በጠዋት በእግር ይሂዱ። እዚያ ፔሊካኖችንና ዓሣ በል ንስርን የማየት ዕድል አለዎት፤ እነዚህ ግን ስደተኞች ሳይሆኑ የአገራችን ነዋሪዎች ናቸው። ጉማሬም ስላለ ከውኃው ዳር ራቅ ብለው ይራመዱ።