የወገብ ሕመምና ኤምአርአይ፦ ከጅማ ለተላከልን ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ አባቴ የ52 ዓመት የቡና ገበሬ ናቸው፤ የምንኖረው ከጅማ ወደ አጋሮ በሚወስደው መንገድ አቅራቢያ ነው። በለቀማው ወቅት እሸት ቡና በጆንያ ሲሸከሙ ወገባቸውን ያዛቸው፤ ይኸው ሦስተኛ ሳምንታቸው ነው። አንድ የግል ክሊኒክ ራጅ አንሥቷቸው «አከርካሪው ተበልቷል፣ ዲስኩም ተንሸራቷል፤ ኤምአርአይ ያስፈልግዎታል» አላቸው። ለዚሁ ሲባል ገና ያልደረቀውን ቡና ልንሸጥ ነው። ምን ትመክሩናላችሁ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ቡናው እስኪደርቅ ይቆይ። ራጅ በዋናነት የሚያሳየው አጥንትን ነው፤ በአከርካሪ አጥንቶች መካከል እንደ ትራስ የሚያገለግለውን ዲስክንም ሆነ ነርቭን በቀጥታ ስለማያሳይ፣ በራጅ ብቻ «ዲስኩ ተንሸራቷል» ማለት ምስሉ ያልተናገረውን መናገር ነው። «ተበልቷል» የሚለው ቃልም ሰውን ከማስደንገጥ በቀር እምብዛም ትርጉም የለውም። በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመና 3110 ሰዎችን ያካተተ የጥናቶች ግምገማ፣ ምንም የወገብ ሕመም ከሌላቸው የ50 ዓመት ሰዎች መካከል 80 በመቶ ያህሉ ከራጅ ይልቅ የውስጥ አካልን አጥርተው በሚያሳዩት በሲቲ ስካን ወይም በኤምአርአይ ሲታዩ ያረጀ ዲስክ፣ 60 በመቶ ያህሉ ደግሞ ያበጠ ዲስክ እንዳላቸው ገምቷል። ስለዚህ የአባትዎ ዲስክ አርጅቶ ቢገኝ እንኳ ያሳመማቸው እሱ ነው ለማለት አይበቃም፤ አንድም ቀን ወገባቸውን ያላመማቸው ጎረቤታቸው ቢነሡ ያው ምስል ሊወጣላቸው ይችላል።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ትኩሳት ወይም የሌሊት ላብ አለባቸው? ሱሪያቸው ሰፍቷቸው ቀበቷቸው አዲስ ቀዳዳ አስፈልጎታል? ሕመሙ ተኝተውም አይተዋቸውም? ጣትዎን በአከርካሪያቸው ላይ ከላይ ወደ ታች ሲያወርዱ ወጣ ያለ ጉብታ ያገኛሉ? ጥሬ ወተት ይጠጣሉ? በእኛ አገር የአከርካሪ ቲቢና ከከብት የሚተላለፈው ብሩሴሎሲስ ሊዘነጉ የማይገባቸው በሽታዎች ናቸው፤ ቲቢው ገና ሲጀምር ራጅ ላይ ላይታይ ስለሚችል፣ ከእነዚህ ምልክቶች ጋር የመጣ «ንጹሕ» ራጅ ሊያዘናጋን አይገባም። ኤምአርአይ ገንዘቡን የሚያወጣው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው። ሽንት ከከለከላቸው ወይም ካመለጣቸው፣ በቅሎ ሲጋልቡ ኮርቻው የሚነካው የሰውነት ክፍል ከደነዘዘ፣ ወይም እግራቸው እየሰነፈ መጎተት ከጀመረ ግን ቀን ሳይቆጥሩ በዚያው ዕለት ሆስፒታል ያድርሷቸው።

ከእነዚህ አንዱም ከሌለ፣ እንዲህ ያለው ሕመም በአብዛኛው በ6 ሳምንት ውስጥ እየቀለለ የሚሄድ በመሆኑ፣ ከዚያ በፊት ምስል መነሣት ሕክምናውን የሚለውጠው ከስንት አንዴ ነው። አልጋ ላይ መዋል ወገብን ያደርቃል እንጂ አይጠግንም፤ ስለዚህ በየቀኑ በልካቸው ይራመዱ፣ ጆንያውን በግማሽ ይሙሉት፣ ሲያነሡም ከወገብ ከማጎንበስ ይልቅ ከጉልበታቸው በርከክ ብለው ወደ ሰውነታቸው አስጠግተው ያንሡት። የማስታገሻ ክኒን፣ በተለይ ጨጓራ ወይም ኩላሊት ካመማቸው፣ ባለሙያ ሳያማክሩ ባይወስዱ ይመረጣል። ከ6 ሳምንት በኋላም ካልተሻላቸው ወደ ሐኪም ሲሄዱ፣ ያንኑ ራጅ እንደገና እንዳይነሡ የፊተኛውን ሳያጥፉ ይዘው ይሂዱ።