የሰውን ጥፋት በዓሣ ነባሪ ማላከክ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የኤሴክስ መርከብን ታሪክ ከዓመታት በፊት አንብቤ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ ነስቶኝ ነበር። ሰሞኑን ደግሞ በዚሁ ታሪክ ላይ የተሠራውን «ኢን ዘ ሃርት ኦፍ ዘ ሲ» የተባለ ፊልም አየሁት። ብዙ ገንዘብ የፈሰሰበት፣ ስመ ጥር ተዋናዮች ያሉበት ሥራ ነው። አይቼ ስጨርስ ግን ምንም አልተሰማኝም። ምን ጎድሎት ነው? ወይስ ችግሩ እኔ ጋ ነው? (ቅር ያላት አንባቢ)

መልስ፦ ችግሩስ አንቺ ጋ አይደለም እህቴ። እኔም ፊልሙ በ2015 ሲወጣ (ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) በጉጉት ጠብቄ ነው ያየሁት። ሲያልቅ የሆነ ነገር የተቀማሁ ያህል ተሰማኝ። ምን እንደተቀማሁ የገባኝ ግን ቆይቶ ነው።

ታሪኩን ለማያውቁ ባጭሩ ላስታውስ። ኤሴክስ በኦገስት 1819 ከአሜሪካዋ ናንተኬት ደሴት ዓሣ ነባሪ ለማደን የወጣች መርከብ ናት። ያኔ የዓሣ ነባሪ ዘይት መብራት ነው፣ ገንዘብ ነው። ኖቬምበር 20 ቀን 1820 ፓስፊክ ውቅያኖስ መሐል አንድ ግዙፍ ዓሣ ነባሪ ሁለት ጊዜ በግንባሩ መታትና አሰመጣት። 20 ሰዎች በ3 ትንንሽ ጀልባዎች ባሕር ላይ ቀሩ። በሕይወት የተመለሱት 8 ብቻ ናቸው። ከእነሱም 5ቱ የተረፉት የሞቱ ጓደኞቻቸውን ሥጋ በልተው ነው።

ፊልሙ ምን አደረገ? ዓሣ ነባሪውን ጠላት አደረገው። መርከቧን መስበሩ አልበቃው ብሎ ጀልባዎቹን በውቅያኖሱ ላይ እየተከታተለ ያሳድዳቸዋል። እውነተኛው ዓሣ ነባሪ ግን መርከቧን መታና ሄደ። በቃ። ከዚያ ወዲያ ማንም አላየውም። የቀረው ሰው፣ ውኃና ረሃብ ብቻ የሆነበት 3 ወር ነው። የሚያስፈራውም እሱ ነው፤ ምክንያቱም ከዚያ በኋላ የሆነው አብዛኛው ነገር የሰው ውሳኔ ነው።

ትልቁን ውሳኔ እንየው። ካፒቴኑ ጆርጅ ፖላርድ ነፋሱን ተከትለን ወደ ምዕራብ፣ ታሂቲ ወዳለችበት ደሴቶች እንሂድ አለ። ትክክል ነበር። ምክትሉ ኦወን ቼዝና ሁለተኛው መኮንን ማቲው ጆይ ግን ደሴቶቹ ላይ ሰው በላ አለ ብለው ፈሩ። ታሂቲ ላይ ሚሲዮናውያን ከሰፈሩ ከ20 ዓመት በላይ ሆኗቸው ነበር፤ እነዚህ ሰዎች ግን አያውቁም። ፖላርድ ገና ሃያዎቹ መጨረሻ ላይ ያለ፣ ካፒቴን ሆኖ ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣ ሰው ነው። እሺ አላቸው። ነፋሱን እየተጋፉ በጣም ወደሚርቀው ወደ ደቡብ አሜሪካ ለመዞር ተነሡ፣ እና ሰው በላ ፈርተው የሸሹት ሰዎች መጨረሻቸው ምን እንደሆነ አንቺም አንብበሻል።

የታሪኩ እምብርት ይቺ «እሺ» ናት። ፖላርድ ከዚያ በፊትም አንድ ጊዜ እንዲሁ እሺ ብሏል። ገና ጉዞው ሲጀመር ማዕበል መርከቧን በጎኗ ጥሏት ነበርና ተመልሰን እንጠግናት ሲል እነዚሁ ሁለቱ አግባብተው አስቀጥለውታል። ፊልሙ ላይ ያለው ፖላርድ ግን ሌላ ሰው ነው። የትልቅ ቤተሰብ ልጅ፣ ኩራተኛ፣ እልኸኛ፣ ገና ከወደብ ሳይነሡ ከቼዝ ጋር የሚናቆር። ለድራማ ይመቻል። ግን መርከበኞቹን የጎዳቸው የካፒቴኑ እልኸኝነት ሳይሆን ልስላሴው ነበር። ይሄ ደግሞ ለፊልም ከእልኸኝነት የበለጠ ነገር ነበር፣ ቢያዩት።

የቼዝ ጀልባ ላይ የሆነውን እዪ። ደረቁ ዳቦ የባሕር ውኃ ነክቶት ጨው ሆኗል፤ በበሉት ቁጥር ጥማቱ ይብሳል። ለአንድ ሰው በቀን የሚደርሰው ውኃ ሩብ ሊትር ገደማ ነው፣ ኋላ እሱም ቀነሰ። ቼዝ የዳቦውን ሣጥን የሚጠብቀው ሽጉጥ ይዞ ነው። እዚያው ጀልባ ላይ ሪቻርድ ፒተርሰን የሚባል በዕድሜ የገፋ ጥቁር መርከበኛ ነበር፤ ጸሎት የሚመራላቸው እሱ ነው። በጃንዋሪ 1821 አንድ ቀን ድርሻውን አልቀበልም አለ። ለእኔ ከእንግዲህ አይጠቅመኝም፣ ለሌላው ይሁን አለ። በዚያው ቀን ሞተ። ሽጉጥ የሚያስጠብቅ ዳቦ ነው እንግዲህ እምቢ ያለው። ለዚህ ትዕይንት ኮምፒውተር ግራፊክስ አያስፈልግም፤ ሁለት ተዋናይና አንድ ሣጥን ይበቃዋል። (ጀልባዎቹ ላይ ከነበሩት ጥቁር መርከበኞች አንድም እንዳልተረፈ ሳስብ ደግሞ ሌላ ሙሉ ፊልም ይታየኛል። ገና ሲነሡም የተዳከሙ እንደነበሩ፣ መርከቧ ላይ ምግባቸው ከነጮቹ ያነሰ እንደነበር የታሪክ ጸሐፊዎች ያነሡታል።)

በጣም ያናደደኝ ግን የዕጣው ነገር ነው። በፖላርድ ጀልባ 4 ሰው ቀርቶ ነበር። ሌሎቹ እንዲተርፉ ማን ይሙት ብለው ዕጣ አወጡ። ዕጣው ለኦወን ኮፊን ወጣ፤ ገና አሥራዎቹ ውስጥ ያለ ልጅ፣ የፖላርድ የአክስት ልጅ። ፖላርድ ካልፈለግህ የሚነካህን ሰው እኔ እገድለዋለሁ አለው፣ እኔ ልተካህም አለ። ልጁ እምቢ አለ። ዕጣዬን እንደማንም ሰው እቀበላለሁ አለ። ተኳሹም በዕጣ ተመረጠ። የወጣው ለቻርልስ ራምስደል፣ ለልጁ ጓደኛ ነው። ኮፊን ለእናቱ መልእክት ነገራቸው፣ ከዚያ ራሱን የጀልባዋ ጠርዝ ላይ አስደገፈ።

ፊልሙ ላይስ? ዕጣው የሚወጣው ለፖላርድ ነው፤ ልጁ ግን በእሱ ፈንታ ጠመንጃውን ወደራሱ አዙሮ ይተኩሳል። አየሽ? በፊልሙ ማንም በማንም ላይ አልተኮሰም። ማንም ተስማምቶ ልጅ አላስገደለም። ልጁ ጀግና ሆኖ ሞተ፣ የቀሩት እጃቸው ንጹሕ ነው፣ ጥፋቱ ሁሉ በዓሣ ነባሪው ተላከከ። አንቺንም ምንም ያልተሰማሽ ለዚህ ይመስለኛል። የሚያስጨንቀውን ነገር ቀድመው አንሥተውልሻል።

ጥያቄ፦ ሰው የሰው ሥጋ በላ የሚለውን በፊልም ማሳየት ከባድ ስለሆነ አይደለም እንዴ የሚያለሳልሱት? ያላሳዘነህ ፊልምስ አለ? (ወንድምህ ከአንባቢዎች)

መልስ፦ አለ ወንድሜ። ከባድነቱ ሰበብ እንደማይሆን ያሳየኝም እሱ ነው። ኦክቶበር 13 ቀን 1972 የኡራጓይ ራግቢ ተጫዋቾችን፣ ዘመዶቻቸውንና ጓደኞቻቸውን የያዘ አውሮፕላን አንዲስ ተራራ ላይ ወደቀ። የተሳፈሩት 45 ናቸው፣ ከ72 ቀን በኋላ በሕይወት የወጡት 16። እነሱም የሞቱትን ሥጋ በልተዋል። በዚህ ታሪክ ላይ በ1993 «አላይቭ» የሚባል የእንግሊዝኛ ፊልም ወጣ። አውሮፕላኑ የሚወድቅበት ትዕይንት ዛሬም ያስደነግጣል። ግን የሞቱት ሰዎች ስም ተቀይሯል፣ የቡድኑ አምበል እንኳን በሌላ ስም ነው የሚጠራው። ተዋናዮቹም የተራቡ አይመስሉም።

በ2023 ባዮና የሚባለው የስፔን ዳይሬክተር «ሶሳይቲ ኦፍ ዘ ስኖው»ን በስፓኒሽ፣ በኡራጓይና በአርጀንቲና ተዋናዮች ሠራው። ሰዎቹ ሲሞቱ ስማቸውና ዕድሜያቸው ስክሪኑ ላይ ይጻፋል። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ እኔ ግን ሦስተኛው ወይም አራተኛው ስም ላይ ስደርስ ፊልሙን አቁሜ መነሣት ነበረብኝ። ተራኪው ደግሞ ኑማ ቱርካቲ ነው። ኑማ አልተረፈም። ሥጋውን መብላት ከምር የከበደው ልጅ ነበር፣ የሞተውም ዲሴምበር 11 ነው፤ በማግሥቱ ጓደኞቹ እርዳታ ፍለጋ ተራራውን መውጣት ጀመሩ። እንደዚህ ዓይነት ፊልም ብዙ ጊዜ የሚተረከው ከተረፈ ሰው አፍ ስለሆነ እኛም እፎይ እያልን እናያለን። እዚህ እፎይታ የለም። አለማለሳለስ የምለው ይህንን ነው።

ጥያቄ፦ ፊልም እኮ ፊልም ነው፤ እውነቱን የፈለገ መጽሐፍ ያንብብ። አንተ ብትሠራው ምን ልታደርግ ነበር? (ያልተስማማ አንባቢ)

መልስ፦ ማሳጠር፣ ሁለት ሰው በአንድ ማጠቃለል፣ ንግግር መፍጠር ያለ ነው፤ በዚህ አልጣላም። የኤሴክስ ፊልም «ሞቢ ዲክ» የተባለውን ልብ ወለድ የጻፈው ሜልቪል፣ ገና ልጅ ሳለ በመርከቧ ላይ የሠራውን ኒከርሰንን አግኝቶ ሲያነጋግረው ያሳያል። እንዲህ አልሆነም፣ ግን ማንንም አይጎዳም። የመርከቧ ባለቤቶች ታሪኩን ሊያፍኑ ሲሞክሩ የሚያሳየው ግን ይከብደኛል። ቼዝ በዚያው በ1821 ሁሉንም ጽፎ መጽሐፍ አሳትሟል። አፋኝ ጨምሮ ፖላርድን እውነት የሚናገር ጀግና ማድረግ አሁንም ያው ማላከክ ነው።

እኔ ብሠራውማ ከናንተኬት ወደብ እጀምር ነበር። ፖላርድ ሲመለስ ሕዝቡ ወጥቶ ይጠብቀዋል። ማንም አይናገርም፣ ዝም ብለው መንገድ ይለቁለታል። ከዚያ የኮፊንን መልእክት ለእናቱ ያደርሳል፤ አክስቱ ናት። ዓይኑን ለማየት አልቻለችም ይባላል። ሁለተኛ መርከብ ተሰጠው፣ እሷም በ1823 ሃዋይ አካባቢ ኮራል ድንጋይ ላይ ወጥታ ተሰበረች። ከዚያ ወዲያ ካፒቴንነት ቀረ። እዚያው ናንተኬት ላይ የሌሊት ዘበኛ ሆኖ ኖረ።

በየዓመቱ ኖቬምበር 20 ሲደርስ ክፍሉን ዘግቶ ቀኑን ሙሉ ይጾም ነበር ይላሉ። ካሜራውን እዚያ በር ላይ አቆመው ነበር።