ስለ ግንድ ጀልባው፦ ከቁልቁለቱ በፊት ቦዩን ተመልከቱ

ጠያቂያችን «ሐዋሳ ላይ በምናቅደው የቤተሰብ መዝናኛ ውስጥ የግንድ ጀልባ፣ ሎግ ፍሉም የሚባለውን በውሃ ቦይ ተጉዞ ከቁልቁለት የሚወርድ ጨዋታ፣ ልናስገባ ነው፤ ሻጩ ባለ 10፣ ባለ 15 እና ባለ 20 ሜትር ቁልቁለት አቅርቦልናል፤ የትኛው ይሻላል? ጥሩ የሚባለውስ በምን ይታወቃል?» ብለው ጠይቀዋል። ከእኔ በፊት መልስ የሰጡት አብዛኞቹ 20 ሜትሩን መርጠዋል። እኔ ከመካከለኛው በላይ አልሄድም። ምክንያቴ ረዘም ስለሚል ታገሡኝ።

ሐዋሳ ተመልሼ በፓምፕ ጥገና ከመሰማራቴ በፊት በአንድ የባሕረ ሰላጤ አገር መዝናኛ ፓርክ ውስጥ በዚሁ ጨዋታ ላይ ለዓመታት ሠርቻለሁ። መጀመሪያ ሰው በጀልባው ላይ የማስቀምጥ ነበርኩ፤ በኋላ ከመከፈቱ በፊት ፓምፑንና ቦዩን የሚፈትሸው ቡድን ውስጥ ገባሁ። ከዚያ ሥራ የያዝኩት አቋም ይህ ነው፦ ሻጭ የሚያሳየው ቪዲዮ የመጨረሻዎቹን ሦስት ሰከንዶች ነው፤ ተሳፋሪው ግን ብዙውን ጊዜ የሚያሳልፈው ቦዩ ውስጥ ነው። የጨዋታው ጥሩነትም ሆነ መጥፎነት የሚለየው እዚያ ነው።

ጀልባው ሞተር የለውም፤ መሪም የለውም። ፓምፑ ከታችኛው ማጠራቀሚያ ውሃ ወደ ላይኛው ቦይ ይገፋል፣ ውሃው በትንሽ ተዳፋት ይወርዳል፣ ጀልባውም አብሮት ይሄዳል። ፓምፑ አቅም ካጠረው ጀልባው መታጠፊያ ላይ ይለግማል፤ ከኋላ የመጣው ይደርስበትና ይጋጫሉ። ይባስ ብሎ ተሳፋሪው ሊያግዝ ብሎ እጁን አውጥቶ ግድግዳውን መግፋት ይጀምራል፤ ጣት የሚጎዳውም በዚህ ጊዜ ነው። ውሃው ከልክ በላይ ሲሆን ደግሞ ጀልባው እየተላተመ ይሄዳል። በደንብ በተመጠነ ቦይ ውስጥ ግን መታጠፊያው ላይ ሲደርስ ከጎኑ ያሉት ትናንሽ ጎማዎች ግድግዳውን አንድ ጊዜ «ዱብ» አድርገው ይመለሳሉ። ጠዋት ባዶ ጀልባ ስንለቅ ከምናየው ይልቅ ያችን ድምፅ ነበር የምናዳምጠው። በእርሷ ፈንታ የመፋቅ ድምፅ ከሰማን የላይኛው ቦይ ውሃ ቀንሷል ማለት ነው፤ ለዚህም አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ የፓምፑ ወንፊት መዘጋቱ ነው። ከወንፊቱ የማይወጣ ነገር የለም፤ የፀጉር ማስያዣ፣ የሕፃን ጫማ፣ የፀሐይ መነጽር፣ የባንክ ካርድ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ሙሉ ዊግ።

ስሜቱም የሚገነባው በዚሁ ቦይ ነው። ቀስ ብሎ መጓዝ፣ አንድ ጨለማ ዋሻ፣ ከዚያ ሰውን የሚያዘናጋ ትንሽ ቁልቁለት፣ በመጨረሻም ትልቁ ዳገት። ዳገቱን በሚወጣበት ጊዜ ጀልባው ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት የሚያግደው ጥርስ «ቀጭ፣ ቀጭ» ይላል፤ ወሬኛ የነበረው ሁሉ በዚያ ድምፅ ዝም ይላል። ጫፉ ላይ እንደ ደረሰ ወዲያውኑ የሚጥል ንድፍ አልወድም። ላይኛው ቦይ ላይ ትንሽ ተጉዞ፣ ታጥፎ፣ ቁልቁለቱ ከፊት ለፊት ሳይታይ ቢመጣ ይመረጣል። ሐዋሳ ላይ ደግሞ አሥራ ምናምን ሜትር ከፍ ያለ ሰው ሐይቁንና የታቦር ተራራን በአንድ ላይ ያያል። ይህን እይታ በገንዘብ አልገዛችሁትም፤ ሰው ሳያጣጥመው ቶሎ መጣል ብክነት ነው።

ስለ ከፍታ ካነሣን አይቀር በካሊፎርኒያ በኖትስ ቤሪ ፋርም የሆነውን ልንገራችሁ። እዚያ በ1969 እ.ኤ.አ. የተከፈተ የግንድ ጀልባ አለ። የመጨረሻ ቁልቁለቱ 13 ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ አብዛኛው ጉዞ በሰው ሠራሽ ተራራ ውስጥ ያልፋል። ይኸው ፓርክ በ2000 እ.ኤ.አ. በትልልቅ ጀልባዎች የሚሄድ፣ 35 ሜትር የሚወርድ፣ ቁልቁለቱ 75 ዲግሪ የሆነ ሌላ የውሃ ጨዋታ ከፈተ። በጊዜው በዓለም ላይ ከነበሩት የውሃ ጨዋታዎች ሁሉ ከፍተኛውና ቁልቁለቱ በጣም የቆመው ነበር። በዓመቱ አንዲት ተሳፋሪ ከጀልባው ወድቃ ሞተች፤ በ2012 እ.ኤ.አ. ጨዋታው ጨርሶ ተዘጋ። አሮጌው የግንድ ጀልባ ግን በ2013 እ.ኤ.አ. ታድሶ ሥራውን ቀጠለ። በዲዝኒላንድ በ1989 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ዝነኛው ስፕላሽ ማውንቴንም ቢሆን የሚወርደው 16 ሜትር ያህል ነበር፤ ሰው የሚወድደው ከመውደቁ በፊት ስላለው ረጅም ጉዞ ጭምር ነበር። ከፍታ ብቻ ያለው ጨዋታ በርበሬ ብቻ የበዛበት ወጥ ነው።

(የዚህ ጨዋታ መነሻው እውነተኛ የግንድ ማጓጓዣ ነው። በአሜሪካ ምዕራባዊ ተራሮች ላይ የተቆረጠ እንጨት በውሃ በተሞላ የእንጨት ቦይ ወደ ሜዳ ይወርድ ነበር። በ1875 እ.ኤ.አ. በኔቫዳ ሁለት ባለጸጎችና አንድ ጋዜጠኛ በዚያ ቦይ 24 ኪሎ ሜትር ያህል ወርደዋል፤ ያለ ማሰሪያ፣ ያለ ምንም። በዛሬው መልኩ ግን መጀመሪያ የተከፈተው በ1963 እ.ኤ.አ. በቴክሳስ ሲሆን፣ የሠራው ኩባንያ አሮው ዴቨሎፕመንት ይባላል።)

አሁን ወደ ውድቀቱ ልምጣ፤ ማንም ሻጭ የማይነግራችሁ ነገር እዚህ አለ። ጀልባው ቁልቁለቱ ግርጌ ሲደርስ የሚያቆመው ውሃው ነው። ውሃው ጥልቅ ሲሆን አፍንጫው ይቀበርና ሰው ወደ ፊት ተወርውሮ ጉልበቱን ወይም ደረቱን ይመታል። ሲጎድል ደግሞ ጀልባው ፍጥነቱ ሳይበርድ እየበረረ ይቀጥላል፤ ሰውም ሳይረጥብ ቅር ብሎት ይወርዳል። ልዩነቱ ጥቂት ጣት ነው። እኛ በገንዳው ግድግዳ ላይ ቀይ መስመር ነበረን፤ ውሃው ከመስመሩ በታች ከሆነ በሩ አይከፈትም። በበጋ በትነት ብቻ እስከ ቀትር ድረስ ይጎድልና እንደገና እንሞላ ነበር። ስለዚህ ሻጩን መጀመሪያ መጠየቅ ያለባችሁ «የገንዳው የውሃ ልክ እንዴት ይስተካከላል?» ብላችሁ ነው። መልሱ ላይ ከተንተባተበ ሌላ ሻጭ ፈልጉ።

ሰው የሚቀመጥበት ቅደም ተከተልም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ክብደት ፊት ላይ ሲበዛ አፍንጫው ይጠልቃል። ስለዚህ ልጆች ከፊት፣ ወላጆች ከኋላ። አባት «እኔ ልቅደም» ብሎ ሲያስቸግር «ልጅዎ ከእጅዎ መካከል ትሁን» ስንለው ያለ ክርክር ወደ ኋላ ያልፍ ነበር። የወገብ መያዣ ዘንግ የሌለው ጀልባ ርካሽ ቢሆንም አትግዙ፤ ትንሹ የተሳፋሪ ቁመትም በሩ ላይ በሰሌዳ ይሰቀል።

የመርጠቡን መጠን በተመለከተ ከዚያ አገር የተለየ ልክ ያስፈልገናል። እዚያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ መርጠብ ምሕረት ነው። ሐዋሳ ላይ በከሰዓት በኋላ ከሐይቁ የሚነሣው ነፋስ እርጥብ ልብስ ላይ ሲያርፍ ልጅ ያንቀጠቅጣል። ቅዳሜ ጠዋት ሹሩባ ተሠርታ የመጣች እናትም ከነልጆቿ ተሳፍራ ፀጉሯ ካልተረፈ በሚቀጥለው ሳምንት አትመለስም። ጥሩ ጀልባ ከፊቱ ሰፋ ያለና ወደ ጎን የተገለበጠ አፍንጫ አለው፤ ውሃውን ግራና ቀኝ ይጥላል፣ ተሳፋሪውን በትንሹ ያረጥበዋል እንጂ አያሰጥመውም። ጎኑን ብቻ አይታችሁ አትግዙ፤ ከፊት የተነሣ ፎቶግራፍ ጠይቁ።

የተረጨውን ውሃ የሚቀምሰው ተመልካቹ ይሁን። እሑድ በፍቅር ሐይቅ ዳር የሚንሸራሸረው ሕዝብ ሁሉ ትኬት አይገዛም፤ ነገር ግን ከገንዳው በላይ የሚያልፍ ድልድይ ብትሠሩለት ለሰዓታት ቆሞ ሌላው ሲጮህ ይስቃል፣ ለስላሳም ይገዛል። አያትየው ያልተሳፈሩበት ጨዋታ የልጅ ልጆቻቸውን ፊት ካሳያቸው እርሳቸውም ተዝናንተዋል።

ውሃውን በቀጥታ ከሐይቁ ለመሳብ የሚመክራችሁን አትስሙ። የሚረጨው ውሃ ዓይንና አፍ ውስጥ ይገባል፤ በሐይቁ ዳር ደግሞ ቢልሃርዚያ መኖሩ የታወቀ ነው። ውሃው በክሎሪን ታክሞ፣ ተጣርቶ፣ በዝግ ዑደት የሚመላለስ መሆን አለበት። በአሞራ ገደል አካባቢ ከሆናችሁ አባ ኮዳ የሚባሉትን ትልልቅ ወፎች አስቡባቸው፤ የምትሠሩት ሰው ሠራሽ ተራራ ላይ ያለ ትኬት የሚሰፍሩት እነርሱ ናቸው፣ የሚጥሉትም ገንዳው ውስጥ ነው።

የመጨረሻውና ለእኛ አገር ከሁሉ የሚከብደው መብራት ነው። መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል፣ የላይኛው ቦይ ውሃ ወደ ታች ይወርዳል፣ ጀልባዎቹ ባሉበት ቦዩ ወለል ላይ ይቀመጣሉ። በራሱ አደጋ አይደለም፤ ነገር ግን ዳገቱ ላይ ያለው ጀልባ በማገጃው ጥርስ ተንጠልጥሎ ይቀራል። በቦዩና በዳገቱ ጎን ሰው ቆሞ የሚወርድበት ደረጃና መደገፊያ ያለው መተላለፊያ የሌለበትን ንድፍ አትፈርሙ። ታችኛው ማጠራቀሚያም ከላይ የሚወርደውን ውሃ ሁሉ የሚይዝ ይሁን፤ ካልሆነ መብራት በጠፋ ቁጥር ግቢው በጎርፍ ይጥለቀለቃል። ጄኔሬተር ስትገዙ ደግሞ የፓምፕ ሞተር ሲነሣ የሚጠይቀው ኃይል ከሚሠራበት ጊዜ በብዙ እጥፍ እንደሚበልጥ ለኤሌክትሪክ ባለሙያችሁ አስታውሱት።

እንግዲህ በእኔ ምርጫ 10 ወይም ቢበዛ 15 ሜትሩን ግዙ፤ ከ20 ሜትሩ በሚተርፈው ገንዘብ ቦዩን አስረዝሙበት፣ ተጠባባቂ ፓምፕም ግዙበት። ንድፉ ሲደርሳችሁ የቦዩን ተዳፋትና የገንዳውን ጥልቀት የሚያሳየውን ገጽ እዚሁ ለጥፉት፤ ቁጥሮቹን አይቼ የሚመስለኝን እጽፋለሁ።