ሊድ ስክሪው ከመሸፈናችሁ በፊት

ቶርኖ (ብረት እያዞረ የሚቆርጠው ማሽን) ላይ መቆም ለጀመራችሁ ወጣቶች፣

አንድ ጥያቄ ደጋግማችሁ ትጠይቁኛላችሁ፦ «ሊድ ስክሪው የምሸፍንበት ርካሽ ነገር ከየት ላግኝ?» ሊድ ስክሪው በቶርኖው ርዝመት የተዘረጋው፣ ጥርስ ሲወጣ መቁረጫውን የሚነዳው ባለ ጥርስ ዘንግ ነው። ጥያቄውን እወደዋለሁ። ማሽኑ የሚያሳዝነው ሰው እንጂ ሌላው እንዲህ ብሎ አይጠይቅም። መልሴ ግን አንዳንዶቻችሁን ያናድዳል፤ መጀመሪያ ቆሻሻው በየት በኩል እንደሚገባ አሳዩኝ እላለሁና። ሽፋን የሚመረጠው ከመግቢያው ተነሥቶ ነው። መግቢያውን ያላወቀ ሰው ውድ ሽፋን ገዝቶም ስክሪውን ያስበላል፤ ያወቀ ሰው በቁራጭ ላሜራ ይገላገላል።

ሊድ ስክሪው ሥራው ቀላል ይመስላል። ይዞራል፣ ሃፍ ነቱ (ለሁለት የተከፈለው፣ የሚከፈትና የሚዘጋው ነት) ይነክሰዋል፣ ካሬጁ (መቁረጫውን የተሸከመው ክፍል) ይሄዳል። ይሁን እንጂ የምታወጡት የብሎን ጥርስ ሁሉ ርቀቱን የሚቀዳው ከእሱ ነው። እሱ ከተዛባ፣ እጃችሁ የቱንም ያህል የተካነ ቢሆን፣ ጥርሱ አብሮት ይዛባል። እንግሊዛዊው ማሽን ሠሪ ሄንሪ ሞድስሊ እ.ኤ.አ. በ1800 አካባቢ ታዋቂውን የጥርስ ማውጫ ቶርኖውን ሲሠራ ትክክለኛ ስክሪው ለማግኘት ያን ያህል የደከመው ለዚህ ነበር።

ስለ መበላቱ ትንሽ ልቆይ፤ ሌላው ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነውና። ሃፍ ነት ብዙ ጊዜ ከነሐስ ወይም ከካስት አይረን ይሠራል፤ ስክሪው ደግሞ ከእሱ ጠንከር ካለ ብረት። ስለዚህ ቀድሞ የሚያልቀው ሃፍ ነቱ ነው፣ እሱን መቀየር ደግሞ ቀላል ነው፣ ታዲያ ምን ያስጨንቃል ይባላል። በመካከላቸው ንጹሕ ዘይት ብቻ ሲኖር አባባሉ ያስኬዳል። ጠጣር ብናኝ ሲገባ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ብናኙ ለስላሳው ብረት ውስጥ ይሰካና እዚያው ተተክሎ ይቀራል፤ ከዚያ በኋላ በየዙሩ የሚፋቀው ጠንካራው ነው። ላፒንግ የሚባለው የማለስለሻ ሥራ ሆን ተብሎ የሚሠራው በዚሁ ዘዴ ነው፤ መሣሪያው ለስላሳ፣ የሚበላው ጠንካራ። ሃፍ ነቱ ገና ደህና መስሎ ስክሪው የሚያልቀው እንዲህ ነው።

ደግሞ የሚበላው በእኩል ቢሆን ብዙም ባልከፋ። ጥርስ ስታወጡ ሃፍ ነቱ የሚገፋው በአንድ ወገን ስለሆነ፣ ከዳር እስከ ዳር እኩል የሳሳ ስክሪው ርቀቱን ብዙም አይስትም። ነገር ግን አብዛኛው ሥራ የሚሠራው ቻክ (የሚቆረጠውን ብረት ጨብጦ የሚያዞረው) አጠገብ ነው። ስለዚህ በቻክ በኩል ያለው ክፍል ይሳሳል፣ በቴልስቶክ (በማሽኑ በሌላኛው ጫፍ ባለው ድጋፍ) በኩል ያለው እንደ አዲስ ይቀራል። ያን ጊዜ ሃፍ ነቱን አጥብቃችሁ ልቅነቱን ላጥፋ ብትሉ ቻክ ጋ ደህና የሄደው ወዲያኛው ጫፍ ሲደርስ ይይዛል። የዚህ መድኃኒቱ አዲስ ስክሪው ነው። ሽፋን «ርካሽ» ወይም «ውድ» መባል ያለበት ከዚህ ወጪ ጋር ተነጻጽሮ ነው።

የትኛው ቆሻሻ ነው የሚጎዳው? እየተጠቀለለ የሚወርደው ረጅም ሰማያዊ ፍቅፋቂ ያስፈራል እንጂ ስክሪው ላይ ብዙም አይቆይም። እጅ ይቆርጣል፣ ያ ሌላ ጉዳይ ነው። ስክሪው የሚፈራው ደቃቁን ነው። የካስት አይረን ብናኝ ከዘይት ጋር ተለውሶ ጥቁር ጭቃ ይሆናል። ጥቁር ቆዳው ያልተገፈፈ ብረት ስትጀምሩ የሚረግፈው ቅርፊትም ከብረቱ ይልቅ ጠጣር ነው። ከሁሉ የከፋው ቶርኖ ላይ ግራይንደር አስሮ መሞረድ ነው፤ ከድንጋዩ የሚረግፈው አሉሚኒየም ኦክሳይድ ወይም ሲሊኮን ካርባይድ ብረትን ለመብላት የተሠራ ነገር ነው። ሥራችሁ በአብዛኛው ተራ ብረትና አሉሚኒየም ከሆነ ቀለል ያለ ሽፋን ይበቃችኋል። በየቀኑ ካስት አይረን የምትቆርጡ ከሆነ ግን ቀጥዬ የምላችሁን ሁሉ ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙት።

መግቢያውን የምታገኙበት ዘዴ ወጪ የለውም። ሊድ ስክሪው ጨርሶ እንዳይዞር ማርሹን ፍቱት። ከዚያ በስክሪው ርዝመት ሙሉ ነጭ ወረቀት ዘርጉ፣ ላዩን ስስ ዘይት ቀቡት፣ ጫፎቹን ከሚዞር ነገር ሁሉ አርቃችሁ በደንብ እሰሩት። ካሬጁን በእጅ እየነዳችሁ የተለመደ ሥራችሁን ሥሩ። ሲያበቃ ወረቀቱ ይነግራችኋል። አንዳንዱ ማሽን ላይ ቆሻሻው የሚወድቀው ከቻክ ሥር ባለች አጭር ቦታ ብቻ ነው። ሌላው ላይ ከካሬጁ ክንፍ ጋር አብሮ እየተጎተተ ይረግፋል። ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ካላችሁ ደግሞ ፈሳሹ ቤዱን (ካሬጁ የሚንሸራተትበትን የማሽኑን አካል) ተከትሎ ወርዶ ብናኙን ራሱ ሲያደርስ ታያላችሁ።

ከሽፋን በፊት አንድ ነገር አለ፤ ብዙ ሰው ይዘለዋል። ማሽናችሁ ለተራ ቆረጣ የተለየ ፊድ ሮድ (ካሬጁን የሚነዳ ሌላ ዘንግ) ካለው ሊድ ስክሪውን ለጥርስ ብቻ አስቀምጡት። ለቀላል ፊድ (ለተራ ቆረጣ ጉዞ) ሃፍ ነት የሚዘጋ ሰው ስክሪውን ያለ ሥራው እያስረጀው ነው። ጥርስ በማይወጣበት ጊዜ ስክሪው ባይዞር ይመረጣል፤ የቆመ ስክሪው ላይ የወደቀ ብናኝ በብሩሽ ይነሣል። ትንንሾቹ ቶርኖዎች ግን ብዙ ጊዜ ፊድ ሮድ የላቸውም፤ ሁሉንም የሚሠራው ያው አንዱ ስክሪው ነው። አንዳንዱ ስክሪው ደግሞ ከዳር እስከ ዳር የቁልፍ ቦይ ተቆርጦበታል፣ ኤፕሮኑ (የካሬጁ የፊት ክፍል) ውስጥ ያለውን ማርሽ ለመንዳት። ያ ቦይ ዘይቱን ይጠርጋል፣ ቆሻሻውን ያጠራቅማል። እንዲህ ያለ ማሽን ያላችሁ ልጆች ስለ ሽፋን መጨነቃችሁ ትክክል ነው።

አሁን ወደ ሽፋኑ። እኔ ከሁሉ አስቀድሜ የምሞክረው ቋሚ ላሜራ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር የሚሆን ቀጭን ላሜራ በርዝመቱ ታጥፎ፣ በቤዱ ፊት ለፊት ታስሮ፣ ከስክሪው በላይ እንደ ቤት ክፈፍ ወጣ ይላል። ከላይ የሚረግፈው በክፈፉ ላይ ተንሸራቶ ከስክሪው ፊት ለፊት ይወድቃል። የሚንቀሳቀስ ነገር የለውም፣ አይቀደድም፣ አይቃጠልም፣ የካሬጁን ጉዞ አንዲት ሚሊ ሜትር አይቀንስም። ችግሩ ቦታ ነው። የካሬጁ ራክ (ጥርስ ያለው ቀጥ ያለ ብረት) ከቤዱ ጠርዝ ሥር እዚያው አካባቢ ነው፤ የኤፕሮኑ ጀርባና ራኩን የሚነክሰው ትንሹ ማርሽም በዚያው ያልፋሉ። ስለዚህ መጀመሪያ ከካርቶን ቁረጡና ካሬጁን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጅ ንዱት። ካርቶኑ ሳይነካ ካለፈ ላሜራውን ቁረጡ። ቦታው ከጠበበ ክፈፉ ስክሪውን ሙሉ በሙሉ ባይሸፍነውም፣ ግማሹን መሸፈኑ እንኳ ለውጡ የሚታይ ነው። ቤዱን ላለመብሳት የምትሳሱ ከሆነ አትብሱት፤ ሁለቱን ጫፎች ስክሪው ከተሸከመባቸው ማቀፊያዎች ብሎን ጋር ማሰር ይቻላል። አጭር ማሽን ላይ መካከሉ አይረግብም።

ሁለተኛው የሚታጠፈውና የሚዘረጋው፣ ወናፍ የሚመስለው ሽፋን ነው። ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያስበው እሱን ነው፣ መልኩ ያምራልና። እሱን የምትሹ ከሆነ ሒሳቡን ከመግዛት በፊት ሥሩ። የተጨመቀ ወናፍ ቦታ ይይዛል፣ ቦታው ደግሞ የሚወሰደው ከካሬጁ ጉዞ ነው። አራት መቶ ሚሊ ሜትር መዘርጋት አለበት እንበል። አንዱ እጥፋት 20 ሚሊ ሜትር ያህል ከተከፈተ 20 እጥፋት ያስፈልጋል። እያንዳንዱ ሲጨመቅ 2.5 ሚሊ ሜትር ቢይዝ 50 ሚሊ ሜትር ሄደ ማለት ነው። ስለዚህ መሣሪያችሁን ቻኩ ፊት አድርሱና በኤፕሮኑና በጊርቦክሱ መካከል ስንት እንደቀረ ለኩ። ከሃምሳ በላይ ካለ ወናፉ ይሆናችኋል። ከሌለ እጥፋቱን ጠለቅ፣ ጨርቁን ሳሳ አድርጉት፤ ወይም ተዉት።

እዚህ ላይ ገንዘብ የምታድኑበት ነገር አለ። ከኤፕሮኑ ግራና ቀኝ ሁለት ሽፋን መግዛት የግድ አይደለም። ወረቀቱ እንዳሳያችሁ ጉዳቱ በቻክ በኩል ከሆነ የግራውን ብቻ አድርጉ።

ዝግጁ የሆነ ርካሽ ወናፍ የሚገኘው ደግሞ ከማሽን ዕቃ ሻጭ ዘንድ ብቻ አይደለም። የሞተር ሳይክል የፊት ሾክ ላይ የሚለበሰው የተሸበሸበ ላስቲክ፣ የመኪና መሪ ዘንግ ጫፍ ላይ ያለው የላስቲክ ሽፋን፣ ሁለቱም ጭቃና ቅባት እንዲችሉ የተሠሩ ናቸው። አንዱ ብቻውን አጭር ነው፤ በቀጭን የፕላስቲክ ቀለበት ሁለት ሦስቱን መቀጠል ይቻላል። ቀለበቱ ውስጡ ከስክሪው ሰፋ ይበል፤ ላስቲኩ ረግቦ የሚዞረውን ስክሪው እንዳይነካ የሚደግፈው እሱ ነው። ያልተሰነጠቀ ላስቲክ ስክሪውን ሳይፈቱ አይገባም። ቢላ አስገብታችሁ በርዝመቱ ብትሰነጥቁት ይገባል፤ ስንጣቂውን ግን ወደ ታች አዙሩት።

በእጃችሁ የምትሰፉት ከሆነ ስለ ጨርቁ ተጠንቀቁ። ሰማያዊ ሆኖ የሚወጣ የብረት ፍቅፋቂ 300 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ደርሷል ማለት ነው። የተለመደው ናይለን 220 አካባቢ ይቀልጣል፣ ፒ.ቪ.ሲ. ገና 80 ላይ ይለሰልሳል። የድንኳን ናይለን ለአሉሚኒየምና ለናስ ሥራ ሊያገለግል ይችላል፤ ብረት ላይ ግን በአጭር ጊዜ ወንፊት ሆኖ ታገኙታላችሁ። ስስ ቆዳ ወይም የጎማ ቅብ ያለው ወፍራም ሸራ ይሻላል። ተፈጥሯዊ ጎማ በዘይት ያብጣል፤ ለዘይት የሚሠራው ኒዮፕሪን ወይም ናይትራይል የሚባለው ነው።

ከስፕሪንግ ብረት ተጠቅልሎ እየተሳበ የሚወጣው ሽፋን ከሁሉም ይጸናል፣ ትኩስ ፍቅፋቂም አይጎዳው። ዋጋው ግን ርካሽ ከምትሉት ወገን አይደለም፣ ለመግጠምም ስክሪውን መፍታት ይጠይቃል። ያገለገለ ካገኛችሁ ሰፊውን አፍ ቆሻሻው ወደሚመጣበት አዙራችሁ ግጠሙት፤ በየጊዜው እየጠረጋችሁ ስስ ዘይት ቀቡት።

ብዙ ሰው የማያስበው፣ እኔ ግን ከወናፍ የማስቀድመው፣ ጠራጊ ነው። ፌልት የሚባለውን ወፍራም የሱፍ ጨርቅ ስክሪውን አቅፎ እንዲይዝ ቁረጡት፣ ዘይት አጠጡት፣ በትንሽ ላሜራ ከኤፕሮኑ ጎን እሰሩት። ሃፍ ነቱ ከመድረሱ በፊት ጥርሱን ይጠርግለታል፣ በዚያውም ያለሰልሰዋል። ከላይ ክፈፍ፣ ከጎን ፌልት ካላችሁ ለአብዛኛው ሥራ ይበቃል። ፌልቱ ሲጠቁር ግን ቀይሩት፤ ብናኝ የጠገበ ፌልት ከሌለው ይብሳል።

አሁን ደግሞ የምከለክላችሁ። የሚዞር ስክሪው ላይ ጨርቅ ጣል አድርጋችሁ «ለጊዜው ነው» አትበሉ። ስክሪው ቀስ ብሎ ስለሚዞር ሰው ይንቀዋል፤ ጨርቅ፣ የጋዋን ጫፍ ወይም ጓንት ከያዘ ግን አይለቅም፣ ቀጥሎ የሚሄደው እጅ ነው። በቤት የተሠራ ማንኛውም ሽፋን ስክሪውን ሳይነካ መቆሙን ማሽኑን በእጅ እያዞራችሁ ሳታዩ ሞተር አታስነሡ። ሽፋኑን በማግኔት መያዝ ቀላል ይመስላል፣ ግን ማግኔት ከሁሉ ቀድሞ የሚሰበስበው ያንኑ የምትሸሹትን ብናኝ ነው። በኮምፕረሰር አየር አታጽዱ፤ ከላይ ያለውን ወደ ሃፍ ነቱ ውስጥ ይነዳዋል። ክፍት ስክሪው ላይ ግራሶ መቀባትን በተመለከተ ሰው አይስማማም፤ የእኔ አቋም ግራሶ ቆሻሻ አጥማጅ ነው የሚል ነው። የስላይድ ዘይት (ለማሽን ተንሸራታች ክፍሎች የሚሠራው)፣ ስስ አድርጋችሁ፣ ቶሎ ቶሎ።

ቶርኖ ላይ የምትሞርዱ ከሆነ ከዚህ ሁሉ ውስጥ የሚበቃ ሽፋን የለም። ለዚያ ሥራ ብቻ ቤዱንም ስክሪውንም በአሉሚኒየም ፎይል ወይም በረጠበ ወረቀት ሸፍኑ፣ ስክሪው እንዳይዞር አድርጉ፣ ሲያልቅ ሁሉንም ጠቅልላችሁ ጣሉት።

የገጠማችሁትን ሽፋን ደግሞ ክፈቱት። ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ወናፍ ሥር ገብቶ ከተኛ አየር ስለማያገኝ ስክሪውን ያዝገዋል፤ ሾልኮ የገባ ብናኝም ከተሸፈነ በኋላ ማንም አያየውም። በሳምንት አንዴ ማሽኑን አጥፍታችሁ፣ ሽፋኑን ገልጣችሁ፣ በነጭ ጋዝ በራሰ ብሩሽ የጥርሱን ሥር ጥረጉ፣ ዘይት መልሱ። ይህን የማያደርግ ሰው ክፍት ስክሪው ቢይዝ እመርጥለታለሁ፤ ቆሻሻውን ቢያንስ ያየዋል። በዚህ ምክንያት ሁለት ብሎን ፈትታችሁ የምታወጡትን ሽፋን፣ ስክሪው ሳይፈታ ከማይወጣው አስበልጡ።

ያገለገለ ቶርኖ ለመግዛት የምትዞሩ ካላችሁ፣ ሻጩ አዲስ ወናፍ ስለገጠመበት አትታለሉ፣ ገልጣችሁ እዩ። ሃፍ ነቱን ዝጉና ካሬጁን በእጅ ወዲያና ወዲህ እየገፋችሁ ልቅነቱን ለኩ፣ መጀመሪያ ቻክ አጠገብ፣ ቀጥሎ ቴልስቶክ ጫፍ። ሁለቱ ከተቀራረቡ ልቅነቱ የሃፍ ነቱ ነው፣ እሱ ይቀየራል። በጣም ከተራራቁ የተበላው ስክሪው ነው፤ ዋጋውን ስትነጋገሩ የአዲስ ስክሪው ወጪ ከላዩ ላይ ይነሣ።